ሦስተኛውን ውሻ እናስቀረው ወይስ እንስጠው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን፣ አማቴና እኔ ሆነን ስድስት ነን። ሁለት ውሾች አሉን፤ ወንዱ መቻል ይባላል፣ ሴቷ ቡቺ። ቡቺ ከወለደች አምስት ሳምንት ሆናት፣ አምስት ቡችላ። ልጆቹ አንዱም ከቤት አይወጣም ብለው ለቅሶ በለቅሶ ሆነዋል። ባለቤቴ ደግሞ ባለፈው ወር ጎረቤት ሌባ ስለገባ ሁለቱን ወንድ ቡችሎች እናስቀር ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን የማበላቸውም ቆሻሻቸውን የምጠርገውም እኔ ነኝ። አማቴ አርጅተዋል፣ ውሾቹ እግራቸው ሥር ሲራወጡ እንዳይጥሏቸው እሰጋለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሐጂ ደግ ጎረቤት ናቸው፣ አንድ ቀን ክፉ ተናግረውን አያውቁም፤ ግን ለሱብሂ ሲወጡ ውሾቹ አጥር ለአጥር እየተከተሉ ይጮኹባቸዋል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እሸማቀቃለሁ። ግቢያችን ሰፊ ነው። አንድ ቤት ስንት ውሻ ይችላል? እባካችሁ ቁርጡን ንገሩኝ።
የሦስት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦
እህቴ፣ ቁርጡን ስለጠየቅሽ ከቁርጡ ልጀምር። ለእናንተ ቤት ሁለት ይበቃል። አሁን ያሉሽ ሁለቱ። አምስቱም ቡችሎች ቤት ይፈለግላቸው። ልጆችሽ እንደሚያዝኑ አውቃለሁ፣ ባለቤትሽም በከንቱ አልሰጋም፤ ግን ለምን ሁለት እንዳልኩ ልንገርሽ፣ ማታ ተሰብስባችሁ ስታወሩ ለእነሱም አንብቢላቸው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳልኝ ግቢውን ነው። «ሰፊ ነው፣ ይችላል» ይላል። ግቢ መሮጫ ይሆናል እንጂ አያበላም፣ አያስከትብም። ቀጥሎ የሚነሳው ፍቅር ነው። እሱም አለ፣ አልክድም። እኔ ግን የምቆጥረው በሌላ ነው። በዓመቱ ውስጥ ቤታችሁ በጣም የሚቸገርበትን ሳምንት አስቢ። አንቺ ትኩሳት ይዞሽ የተኛሽበት፣ ባለቤትሽ መንገድ የወጣበት፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ያሉበት፣ ኪሳችሁም የሳሳበት ሳምንት። በዚያ ሳምንት ሳይራቡ፣ ሳይታመሙ፣ ሰው ሳይነክሱ ልታኖሯቸው የምትችሉት ስንቱን ነው? ቁጥራችሁ እሱ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ቤት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደርሶ ሰው ከደሴ ሲወጣ እኛም ወጣን። ያኔ አራት ውሾች ነበሩን፤ ሁለቱን አስበንበት ያመጣናቸው፣ ሁለቱን ደግሞ ልክ እንደ ልጆችሽ «አይሰጡም» ብለን ያስቀረናቸው። ለሰው እንኳ መኪና በጠፋበት ሰዓት አራት ውሻ የሚጭን የለም። ሰንሰለታቸውን ፈታን፣ መሶብ ውስጥ የነበረውን እንጀራ ሁሉ አወጣንላቸው፣ በሩን ገርበብ አድርገን ሄድን። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተከተሉን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በር ላይ የጠበቀችን አንዷ ብቻ ነበረች፣ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። የሦስቱን ወሬ እስከ ዛሬ አልሰማንም። አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ገጠር ያለ ዘመድ ዘንድ አደራ እንል ነበር፤ አራት ውሻ ግን አደራ የሚቀበል ሰው አጣን። ከዚያ ወዲህ ሁለት አልፌ አላውቅም።

አሁን ወደ ሆዳቸው እንምጣ። መካከለኛ የሀበሻ ውሻ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ብንል፣ በቀን ግማሽ ኪሎ ግድም የበሰለ ምግብ ይፈልጋል። ለሁለቱ በወር 30 ኪሎ መሆኑ ነው። ሁለቱ ቡችሎች ሲያድጉ 60 ኪሎ ይገባል። ብዙዎቻችን «ትርፍራፊ ይበላሉ» እንላለን፣ ግን ከስድስት ሰው ቤት በየቀኑ ሁለት ኪሎ ትርፍራፊ አይወጣም። ሲወጣም ወጥ የነካው ነው። ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ቀይም ነጭም ሽንኩርት በየቀኑ ሲበላ የውሻን ደም ይጎዳል፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለብቻ ማብሰል የግድ ነው። እኔ የማደርገው ሥጋ ቤት አጥንትና ቁርጥራጭ ለምኜ ወይም ገዝቼ፣ በደንብ ቀቅዬ፣ መረቁን በሩዝ ወይም በበቆሎ ገንፎ ማገንፋት ነው፤ ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አትስጪ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይወጋል። ቤታችሁ ሁዳዴን የሚጾም ከሆነ ደግሞ 55 ቀን ሥጋ ከቤት አይገባም፣ ሠፈራችሁ ያለው ሥጋ ቤትም ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ውሾቹ ምን ይበላሉ? በእኔ ቤት የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ናቸው ያወጡን። ከአንድ ሰው ለሁለት ውሻ ጠይቆ መውሰድ ይቻላል፤ በየቀኑ ለአራት መጠየቅ ግን ፊት ያስጠቁራል።

በዓል ሲመጣም ሌላ ጉዳይ አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንድታገሺኝ እለምናለሁ። ፋሲካ ይሁን አረፋ፣ በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱ ላይ ውሃ የያዘ ቋጠሮ ይታያል አንዳንዴ። ብዙ ቤት «ይሄማ ለውሻ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቋጠሮው ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው፤ ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ልጆች ውሻውን ሲደባብሱ ወይም ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ በእጃቸው ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ ያው ቋጠሮ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያድጋል፣ ዓመታት ቆይቶ ኦፕራሲዮን የሚጠይቅ ይሆናል። ቋጠሮ ያለበትን ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሾቹም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይውሰዱ፣ ለዚህኛው ትል የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪሙ በክብደታቸው ይነግርሻል። ለሁለት ውሻ በዓመት ስምንት ጊዜ መስጠት ማለት ነው፣ ለአራት 16። ማን እንደሚያስታውስ አስቢው። አንቺ ነሽ።

ክትባቱ በዚያ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፣ በውሻም በሰውም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። መቻልና ቡቺ ለመጨረሻ ጊዜ የተከተቡት መቼ ነው? ደብዳቤሽ ላይ ስላልጻፍሽልኝ ጠየቅሁ። ካልተከተቡ ከቡችሎቹ ጉዳይ በፊት ይሄን ነገ ጨርሺ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ጸበልም የባህል መድኃኒትም የሚያምን ሰው ከክትባቱ ጋር ያድርገው እንጂ በክትባቱ ፈንታ አያድርገው። በዚህ ነገር ሰው ሲሞት አይቻለሁና ነው እንዲህ የምወተውተው።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልምጣ። ሁለቱን ወንዶች ካስቀራችሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴትና ሦስት ጎረምሳ ወንዶች አሉ። ቡቺ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ይመጣል፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ያን ጊዜ አባትና ልጅ ይነካከሳሉ፣ ልጅም ቢሆን እናቱን አይለይም። ከአጥሩ ውጭ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰባል። በ63 ቀን ገደማ እንደገና ትወልዳለች። አምስት፣ ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ ሌላ አምስት። ስለዚህ ቁጥሩን የምታቆሙት ቡችላ በመስጠት ሳይሆን ቡቺ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን በማሠራት ነው፤ እሷን ማሠራት ካስቸገረ መቻልን ማኮላሸት ይቀላል፣ ግን የጎረቤት ወንድ አጥር ዘሎ ከመጣ እሱ ብቻ አይበቃም። ከተማው ውስጥ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ፣ እዚያ ካልተሠራ ኮምቦልቻ ያሉ ሐኪሞችን ጠይቁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ነው።

ለጥበቃ ደግሞ ብዛት አይረዳም። የሚጠብቀው አንድ ንቁ ውሻ ነው፣ ሁለተኛው ያግዘዋል። ሦስትና አራት ሲሆኑ እንደ መንጋ ያስባሉ፣ አንዱ በነፋስ ሲጮህ ሁሉም ይከተላል፣ እናንተም ትለምዱትና ሌባ ሲመጣ እንኳ አትነሱም። በር ሲከፈትላቸው በቡድን ወጥተው ባጃጅ ያሳድዳሉ፣ የሰው በግ ይነክሳሉ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለውን ባለቤትሽ ያውቀዋል። ጠግቦ ያላደረ ውሻ ማታ ቅርጫት ሲያገላብጥ ነው የሚያድረው፣ የእናንተን በር አይጠብቅም። ማታ ማታ መቻልን ከሰንሰለቱ ፍቱት፣ በሩን ቆልፉ። ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲወርድ የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም፣ አንዲት የጎረቤት ውሻ እንዲህ ሆና ቀርታለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያሳዘነኝ የሐጂ ነገር ነው። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለጥበቃ ውሻ ማሳደርን አይቃወሙም፤ የሚያስቸግራቸው ምራቁ ልብሳቸውን ከነካ ለሶላት መቀየር ወይም ማጠብ ስላለባቸው ነው። አንድ አዛውንት በዚያ የደሴ ብርድ፣ በጨለማ፣ ውኃ ሲቀዘቅዝ ያንን እንዲያደርጉ ማን ይፈልጋል? ለኪዳን የሚወጡት እናቶችም በዚያው ሰዓት ነው የሚያልፉት። ዝም ስላሉ አልተቸገሩም ማለት አይደለም። ከሱብሂ በፊት ውሾቹን ከአጥሩ ራቅ ብሎ ከኋላ በኩል በአንድ ክፍል አስገቧቸው፣ ሲነጋ ይውጡ። ከዚያ ሐጂን ቡና ጥሪያቸውና «ያስቸገርናችሁ ነገር ካለ ንገሩን» በያቸው። ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ «አመለጠኝ» ማለትም አያድንም።

አማትሽ የሚቀመጡበትን በረንዳ ውሻ የማይገባበት አድርጉ፣ አንድ የእንጨት በር ይበቃል።

ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ፣ ስለዚህ ሦስት ሳምንት አላችሁ። ልጆቹን አታባርሪያቸው፣ ሥራውን ስጫቸው። የሚወስደውን ሰው ቤት አብረውሽ ይሂዱ፣ ግቢውን ይዩ፣ «ታስከትበዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ለአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች አትስጡ፣ እርስ በርስ ይጣበቁና ሰው አይሰሙም። ውሻ 10 እና 12 ዓመት ይኖራል። ትንሹ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው? ያ ቡችላ ሲያረጅ እሱ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል፣ ውሻው ግን አንቺ ዘንድ ነው የሚቀረው። ይህን ቁጭ አድርገሽ ብታስረጂያቸው ይገባቸዋል፣ ልጆች ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦
እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ፋብሪካ በሽፍት እሠራለሁ። አንድ ወንድ ውሻ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ነው የሚውለው። ሲያላዝን አከራዬ ተቆጡ። ጓደኛ ላመጣለት?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦
ወንድሜ፣ ገና አታምጣ። ታስሮ የሚያላዝን ውሻ አጠገብ ሌላ ውሻ ብታስር ሁለቱ ያላዝናሉ፣ አከራይህም ሁለቱን አይታገሡም። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ መዥገርና ቁንጫውም እጥፍ ይሆንብሃል። መጀመሪያ ሰንሰለቱን ፍታና በአንድ ጥግ በሽቦ አጥር ሰፋ አድርገህ ክለልለት፣ ጥላና ውኃ ይኑረው። ከሽፍት በፊት ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዘኸው ውጣ፣ በጠዋቱ ገና ሳይሞቅ። የሌሊት ሽፍት ሲደርስህ አንድ የጎረቤት ልጅ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ እንዲያየው አድርግ፣ ትንሽ ገንዘብም ክፈለው። ይህን አንድ ወር ሞክረህ ጻፍልኝ። ያኔም ማላዘኑን ካልተወ፣ የጓደኛህን ውሻ ለሁለት ቀን ተውሰህ እንዴት እንደሚሆኑ እይ፤ ሲመጣም ከአከራይህ ፈቃድ በፊት አይሁን።