በሁለት ፒያኖ ኦርኬስትራ መምራት ይለመዳል?

ጥያቄ፦ ሰበታ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን እመራለሁ። ለኦርኬስትራ መሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ልመዘገብ ስል፣ ሰልጣኞች የሚመሩት ሁለት ፒያኖ ብቻ መሆኑን ሰማሁ። ገንዘቤን ማባከን አይሆንም?
ዐ. ከሰበታ

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ኦርኬስትራ ማሰባሰብ ውድ ስለሆነ በውጭ አገርም ብዙ ሥልጠናዎች በሁለት ፒያኖ ይሠራሉ። እንዲያውም ልምድ ያለው ኦርኬስትራ መሪው ቢሳሳትም ራሱን ችሎ ይጫወትና ጉድህን ይሸፍንልሃል። እጅህን ብቻ የሚከተሉ ሁለት ፒያኒስቶች ግን አይምሩህም።

የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ውሰድ። የመጀመሪያው ምት ላይ ድምፅ የለም፤ አጭር ዕረፍት ነው። ከዚያ ሦስት ፈጣን ድምፆች፣ ቀጥሎ ተይዞ የሚቆይ ረጅም ድምፅ ይመጣል። በዚያ ዝምተኛ ምት ላይ ክንድህ ካመነታ፣ ሦስቱ ድምፆች ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ይበተናሉ። ፍጥነቱን አስቀድመው የሚናገሩት ትንፋሽህና ክንድህ ናቸው፤ ይህን ደግሞ የሚያይህና የሚያርምህ ሰው ሳይኖር መማር ከባድ ነው።

ይልቅ ከመክፈልህ በፊት ለስንት ደቂቃ ቆመህ እንደምትመራና ሥራህ በቪዲዮ መቀረጹን ጠይቅ። በአድማጭነት መግባት ከተፈቀደ፣ አቅም ካጠረህ እሱም አይናቅም፤ ኖታህን ይዘህ ተቀመጥ።

የኦርኬስትራ መሪ የሚይዘውን በትር ለመግዛት አትቸኩል። (የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ የነበረው ሉሊ በ1687 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሙዚቃ መምሪያ ዘንጉ እግሩን መትቶ በቁስሉ ሞቷል። የዛሬው በትር ቀላል ነው፣ ተመስገን!) እስከዚያው መዘምራኑን ያለ ቃል፣ በእጅህ ብቻ አስጀምራቸው። አብረው ያልገቡበትን ቦታ መዝግበህ ለአሠልጣኙ አሳየው።