ቫርኒሹን ገና አትግዢ

ሰላም እህቴ። «ምድጃው አጠገብ ያሉት የዋንዛ ካቢኔት በሮች እጅ ላይ እየተጣበቁ አስቸገሩኝ፣ የሲንኩ ደግሞ አብጦ አልዘጋ አለ፤ ቫርኒሽ ልደርብበት ወይስ ላስቀይር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ስኖር ይኸው ደርሶብኛል። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

የሚያጣብቀው አብዛኛውን ጊዜ የቁሌት ዘይት ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ የሚበነው ዘይት በሩ ላይ ያርፋል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይከርማል። እጀታው ዙሪያ በጥፍርሽ ጫር ብታደርጊ ቡናማ ነገር እየተጠቀለለ ይወጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ አናጺ ጠርቼ እላዩ ላይ ቫርኒሽ አስደረብኩ። ሳምንት ሙሉ አልደርቅ አለ። በወሩ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። ከዚያ በፊት በበረኪናና በሽቦ ፈትጌው እንደነበር ደግሞ ለአናጺውም አልነገርኩት፣ አፍሬ።

ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጊ። ለስላሳ ጨርቅ ነክረሽ እስኪበቃው ጭመቂ፤ ውሃ ማንጠባጠብ የለበትም። የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ጥረጊ። አልለቅ ያለው ላይ ጨርቁን ሁለት ሦስት ደቂቃ አሳርፊበት። ቀጥሎ በንጹህ ውሃ በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ፣ ወዲያው ደግሞ በደረቅ። ጥጋጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። አክስቴ በምግብ ዘይት ወልውለው ትላለች፤ አንድ ቀን ያምራል፣ ግን ስለማይደርቅ አቧራ እየሰበሰበ ወደ ነበርሽበት ይመልስሻል።

ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ድቡልቡል ብላ ከተቀመጠች ቫርኒሹ ደህና ነው፣ ተዪው። ሰምጣ እንጨቱን ካጠቆረችው አልቋል ማለት ነው። ያኔ በሮቹን በካቻቢቴ ፍቺ። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቁጥር ጻፊ፤ እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ የቱ የት እንደነበረ ስፈልግ ግማሽ ቀን አለፈ። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገሽ አሻሺ፣ ዱቄቱን ጥረጊ፣ ስስ አድርገሽ ሁለት ጊዜ ቅቢ። በመካከሉ አንድ ቀን ይደር። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ይሁን። ጀርባውንና የታችኛውን ጠርዝ አደራ። አይታይም ተብሎ ይዘለላል፤ ውሃ የሚገባው ግን በዚያ በኩል ነው።

የሲንኩ በር ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ቧንቧው ስር እጅሽን ሰደሽ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ አስጠግኚ። ከዚያ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ በስልክሽ መብራት እዪው። ድፍን እንጨት ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰበሰባል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አናጺ አምጥተሽ እንዳታስልጊው፣ ጥር ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተርፍሻል። እስኪደርቅ ጠብቂ፣ የማጠፊያውንም ብሎን አጥብቂ፤ አንዳንዴ በሩ ሳያብጥ ወርዶ ነው የሚነካው። ጠርዙ እንደ ረጠበ ካርቶን ከተንጨፈረረ ግን ዋንዛ ብለው የሸጡልሽ ልባጡ ብቻ ነው፤ ውስጡ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ነው፣ ማለትም የእንጨት ብናኝና ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ። እሱ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ያንን አንዱን በር ብቻ አስቀይሪ፤ ሙሉ ካቢኔት ይቀየር የሚልሽን አትስሚ።

ካልለየሽው የጠርዙን ፎቶ ቀረብ አድርገሽ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።