ከወለሉ ሥር የሚመጣው ጉምጉምታ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ኤስዩቪ ከገዛሁ አምስት ወር ሆኖኛል። ጠዋት ስነሣ መኪናው ጸጥ ያለ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ ግን የሞተሩ ዙር 1,800 አካባቢ ሲደርስ ጆሮ የሚደፍን ወፍራም ጉምጉምታ ይነሣል፤ ወለሉና የኋላው ወንበርም ይርገበገባሉ። ዙሩ 2,200 ሲያልፍ ድምፁ ይጠፋል። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ራሳችንን አመመን ይላሉ። አራቱም ጎማዎች ተቀየሩ፣ ባላንስ ተሠራ፣ በመጨረሻም የኋላው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በአዲስ ተተካ፤ ሆኖም ምንም ለውጥ የለም። የሸጠልኝ ሰው «የመኪናው ጠባይ ነው» ብሎኛል። ቀጥሎ ምን ላስቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አያስቀይሩ። እስከ አሁን ያወጡት ገንዘብ የባከነው ክፍሎቹ መጥፎ ስለነበሩ ሳይሆን ድምፁ ከየት እንደሚነሣ ሳይታወቅ ስለተቀየሩ ነው። ደብዳቤዎ ግን መልካም ፍንጮችን ይዟል፤ ድምፁ በተወሰነ የሞተር ዙር ላይ ብቻ ይነሣል፣ መኪናው ከሞቀ በኋላ ይመጣል፣ ጎማ መቀየሩም አላስታገሠውም። ሦስቱ ተደምረው የሚያመለክቱት ወደ ጭስ ማውጫው መስመርና መስመሩ ከመኪናው አካል ጋር ወደሚገናኝባቸው ቦታዎች ነው። ይህን ለማረጋገጥ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ድምፁ የሚከተለው የመኪናውን ፍጥነት ነው፣ የሞተሩን ዙር ነው፣ ወይስ ሞተሩ የተሸከመውን ጭነት ነው የሚለው ነው።

መኪናውን በደንብ ካሞቁ በኋላ፣ ጭር ባለና በደልዳላ መንገድ ላይ፣ ጉምጉምታው በሚነሣበት ፍጥነት እየሄዱ ማርሹን በእጅ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ዙሩ ከፍ ይላል። ድምፁ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ጎማው፣ የጎማ ኩሽኔታውና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ከተጠርጣሪነት ወጡ ማለት ነው፤ እነርሱ የሚዞሩት ከመኪናው ፍጥነት ጋር እንጂ ከሞተሩ ዙር ጋር አይደለምና። ቀጥለው መኪናውን አቁመው፣ ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አድርገው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ነዳጅ መስጫውን በጣም በዝግታ እየረገጡ ዙሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ካለው ዝቅተኛ ዙር) እስከ 2,500 ያሳድጉ። ጉምጉምታው በቆመበትም ከመጣ ፍለጋው ወደ ሞተሩና ወደ ጭስ ማውጫው ጠበበ። ቆሞ ሳለ የማይመጣ፣ ዳገት ሲወጣ ወይም ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሲጫን ዘንበል እያለ የጭስ ቱቦውን ከአንድ ነገር ጋር እያነካካ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው የሞተር መደገፊያ ጎማዎቹንም ይጨምራል።

ለምን 1,800 ላይ? ይህ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል። 1,800 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 30 ዙር ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 60 የጭስ ግፊቶች በቱቦው ውስጥ ያልፋሉ፣ ይህም 60 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ ነው። አሁን ደግሞ የኤስዩቪን ውስጥ ያስቡት። ከፊት መስታወት እስከ ኋላ በር ድረስ ያለው ቦታ ሳይከፈል የተያያዘ አንድ ትልቅ ሣጥን ሲሆን ርዝመቱ 2.8 ሜትር ቢሆን በውስጡ ያለው አየር በራሱ የሚወዛወዝበት ዝቅተኛ ድግግሞሽ 61 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ በቱቦው ላይ ኢምንት የነበረው ርግብግቢት በመኪናው ውስጥ እንደ ከበሮ ይጎላል። ዙሩ 2,200 ሲደርስ ግፊቱ ወደ 73 ኸርዝ ስለሚያድግ ግጥሚያው ይፈርሳል፣ ጸጥታም ይሆናል። የአየሩ ግፊት መለዋወጥ በሣጥኑ ጫፎች ላይ ከመሐሉ ይልቅ ስለሚበረታ፣ ከፊት ከሚቀመጠው አሽከርካሪ ይልቅ ከኋላው በር አጠገብ የሚቀመጡት ልጆች ቢታመሙ የሚያስገርም አይደለም። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው፤ እባክዎ ችላ አይበሉት።

ይህ ማለት ግን ሻጩ ልክ ነው ማለት አይደለም። ፋብሪካው ይህን ግጥሚያ ያውቀዋል፤ ድምፁ ወደ አካሉ እንዳይተላለፍ ብሎም ነው ጭስ ማውጫውን በጎማ ያንጠለጠለው፣ በመሐል ተጨማሪ ማርሚታ ያስገባው፣ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይም በቱቦው ላይ የብረት ክብደት በጎማ አድርጎ ያሰረው። ድምፁ ዛሬ ከተሰማ ከእነዚህ መከላከያዎች አንዱ ደክሟል፣ ወይም ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው አንሥቶታል።

ከሞቀ በኋላ ብቻ መምጣቱ በበኩሉ ትልቅ ረዳት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ 3 ሜትር ርዝመት ያለው የጭስ ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይለጠጣል። መስመሩ በትክክል ከተሰቀለ ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ያን 1 ሴንቲሜትር ይቀበሉታል። ዘንበል ብሎ ከተሰቀለ ግን ሲቀዘቅዝ በጸጉር ልዩነት የሚያመልጠው ቱቦ ሲሞቅ ተለጥጦ የሻንሲውን ጠርዝ፣ የኋላውን አክስል ወይም የሙቀት መከላከያውን ላሜራ ይነካል። ብረት ብረትን በነካበት ቅጽበት በጎማው ታግዶ የነበረው ርግብግቢት ሁሉ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይገባል።

ስለዚህ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በጋራዥ ማንሻ ላይ ይውጣ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ አደራ እላለሁ። በእጅ ባትሪ የሚፈለገው ቀዳዳ ብቻ አይደለም፤ በዋናነት የሚፈለገው የሚያብረቀርቅ ነጥብ ነው። የዚህ ዕድሜ የጭስ ቱቦ ዝገትና ጭቃ ለብሶ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ሌላ ብረት በሚነካበት ቦታ ላይ ግን የጣት ጥፍር የምታህል፣ እንደ አዲስ ሳንቲም የጸዳች ጠባሳ ትገኛለች፤ አንጻሯ ባለው የአካል ክፍል ላይም ጓደኛዋ አለች። እኔ ራሴ ለሳምንታት ስፈልገው የነበረ ጉምጉምታ በመጨረሻ የተገኘው ከኋላው አክስል በላይ በምትታጠፈው ቱቦ ላይ በነበረች እንዲህ ባለች አንዲት ነጥብ ነበር። ምክንያቱም የተበጠሰ ማንጠልጠያ ጎማ ወጥቶ ቱቦው በሽቦ መታሰሩ ነው። ሽቦው ቱቦውን ከመውደቅ አድኖታል፤ ነገር ግን ከትክክለኛ ቦታው ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ስቦታል፣ ርግብግቢቱንም ያለ ምንም ልስላሴ ለአካሉ አስረክቧል። ሽቦ ጎማን አይተካም። ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ያወዛውዟቸው፤ የተሰነጠቀውን ብቻ ሳይሆን በዕድሜ ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረውንም ያስቀይሩ፤ አንዱ ከተበጠሰ የተቀሩትም ያው ዕድሜ ስላላቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል።

ያገለገለ መኪና በመሆኑ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (መርዛማ ጭስን ከሚያጣራው ክፍል) ጀምሮ እስከ ጅራቱ ድረስ የብየዳ መስመሮችን ይከተሉ። የፋብሪካ ብየዳ ቀጭን፣ ወጥና ተመሳሳይ ሲሆን በኋላ የተበየደው ግን ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ጎርባጣ ነው። በመስመሩ መሐል ሁለት እንዲህ ያሉ ብየዳዎች ቢያገኙና በመካከላቸው ዝርግ ቱቦ ብቻ ካለ፣ በዚያ ቦታ ሬዞኔተር የምትባለዋ መካከለኛ ማርሚታ ነበረች ማለት ሊሆን ይችላል። ስትበሰብስ ዋጋዋን ለመቆጠብ ሲባል ተቆርጣ በቱቦ ትተካለች፤ ሬዞኔተር ግን የምትገባው ልክ እርስዎ የሚሰሙትን ዓይነት የተወሰነ ድግግሞሽ ለመዋጥ ነው። የኋላውን ማርሚታ አስቀይረው ለውጥ ያላዩት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ከቱቦው ጋር በቡሎን የታሰረችው ክብደትም እንዲሁ ናት፤ ለማያውቃት ሰው ምንም የማትሠራ ቁራጭ ብረት ስለምትመስል ተፈትታ ትጣላለች። በአምራቹ የክፍሎች ሥዕል ላይ ኖራ በመኪናው ላይ ከሌለች መልሰው ያስገጥሟት።

ቱቦው ሲነካ ከተገኘ በመዶሻ ማጠፍ መፍትሔ አይደለም፤ ማርሚታውን የቀየረው ባለሙያም መስመሩን ሳያላላ አስገድዶ ገጥሞት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አሠራር የመገጣጠሚያዎቹን ዳዶና ማሰሪያ ሁሉ አላልቶ መስመሩ በራሱ ክብደት እንዲንጠለጠል መተው፣ ማንጠልጠያዎቹ ወደ የትኛውም ጎን እንዳልተሳቡ ማየት፣ ከዚያም ከሞተሩ በኩል ጀምሮ ወደ ኋላ እያጠበቁ መሄድ ነው። በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ቢኖር እመርጣለሁ። ከፊት ለፊት ያለው በሽቦ ጥልፍ የተሸፈነው ተጣጣፊ ቱቦም ይፈተሽ፤ ሥራው የሞተሩን ንቅናቄ ወደ ኋላ እንዳያልፍ ማቆም ሲሆን ተጨፍልቆ ወይም በብየዳ ደድሮ ከሆነ ይህን ሊሠራ አይችልም።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ሞተር መደገፊያዎቹ ይለፉ። በውስጣቸው ፈሳሽ የሚይዙት ዓይነቶች ሲቀደዱ በጎናቸው ላይ ጥቁር ቅባታማ ፍሳሽ ያሳያሉ። አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ከጎን ቆሞ እያየ፣ እርስዎ እግርዎን ፍሬን ላይ አጥብቀው፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ማርሹን ከዲ ወደ አር ሲለዋውጡ ሞተሩ ጎልቶ የሚዘል ከሆነ መደገፊያው ደክሟል። በዚህ ፍተሻ ጊዜ ከመኪናው ፊትም ሆነ ኋላ ማንም አይቁም።

ጥያቄ፦ የእኔ ኤስዩቪ በሚኒሞ ሲሠራ ከሥሩ የቆርቆሮ መንቀጥቀጥ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ትንሽ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል። ማርሚታው ውስጡ ፈርሶ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድመው የሙቀት መከላከያ ላሜራዎቹን ይመልከቱ። እነዚህ በቱቦውና በካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ዙሪያ የሚታሰሩ ስስ ላሜራዎች ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳቸው በዝገት ሲሰፋ ይላላሉና በዝቅተኛ ዙር ይንቀጠቀጣሉ። መኪናው ሲቀዘቅዝ በመስመሩ ላይ በጎማ መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ፤ ድምፁ እዚያው ከተደገመ አገኙት። ሰፊ ቀለበት በቡሎኑ ሥር ማስገባት ወይም ላሜራውን በብረት ማሰሪያ መጠምጠም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ላሜራውን ቆርጦ መጣል ግን አልመክርም፤ የተቀመጠው ወለሉን፣ የነዳጅ ቱቦውንና ከሥር የሚያገኘውን ደረቅ ሣር ከሙቀት ለመጠበቅ ነው። ሲመቱ ከውስጥ የሚሰማው ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የሚመስል ከሆነና መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ካነሰው፣ የተሰበረው የካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የማር እንጀራ የመሰለ የውስጥ አካል ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲሱን ከማስገጠምዎ በፊት ካንዴላዎቹንና የነዳጅ ማቃጠሉን ያስፈትሹ፤ ሳይቃጠል የሚያልፍ ነዳጅ አዲሱንም በሙቀት ያበላሸዋልና።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሳስነሣው ከሞተሩ በኩል ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ፤ ሲሞቅ ይጠፋል። አልፎ አልፎ ሲቆም የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። ድምፁ ስለሚጠፋ ብተወው ችግር አለው?

መልስ፦ አይተውት። የጠቀሱት ምልክት ጭስ ሰብሳቢው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለ ስንጥቅ፣ የተበጠሰ ቡሎን ወይም የተቃጠለ ጋስኬት (በሁለቱ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሊኖር እንደሚችል ያሳያል፤ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም ይቀንሳል፣ ፍሳሹ ግን ላይቆም ይችላል። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚሸትዎ አብሮት የሚወጣው ሌላው ጭስ ነው። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። እስኪጠገን ድረስ መኪናውን አቁመው ሞተሩን እያሠሩ በውስጡ አይቀመጡ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም አያስነሡት፤ ሲነዱ መስኮቶቹን ክፈቱ፣ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ወዲያው ቆመው ይውረዱ። ለመካኒኩ መኪናውን የሚያስረክቡት ማታ አሳድረው ጠዋት እርሱ ራሱ በቅዝቃዜው እንዲያስነሣው ነው፤ ጋስኬቱ ባለበት መስመር ላይ እንደ ጥላሸት የተረጨ ጥቁር ምልክት ካለ ፍሳሹ በዚያ ቦታ ነው።