ከሰዓት የሚሻክር የባትሪ ራዲዮ

ጥያቄ፦ ባለ አራት ቫልቭ (የድሮ ራዲዮ የመስታወት ቱቦ) የባትሪ ራዲዮ አለኝ። ቫልቮቹ ዲኬ 91፣ ዲኤፍ 91፣ ዲኤኤፍ 91 እና ዲኤል 92 ናቸው። የ90 ቮልቱን ባትሪ ዐሥር ባለ 9 ቮልት ድንጋይ በመቀጠል ተክቼዋለሁ። ጠዋት ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይሻክራል፤ ድንጋዮቹም ቶሎ ይደክማሉ። ዲኤል 92ን ለውጥ ተብያለሁ። ልለውጠው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እባክዎ ቫልቩን ገና አይንኩት። በሙቀት የሚብስ መሻከርና የድንጋይ ቶሎ መድከም አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከዲኤኤፍ 91 አኖድ (የድምፁ መውጫ) ወደ ዲኤል 92 ግሪድ (የድምፁ መግቢያ) ድምፁን የሚያሻግረው ካፓሲተር ነው። በእርስዎ ዓይነት ራዲዮ ይህ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ሰም የጠጣ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በዘመን ብዛት እርጥበት ስቦ ሊያግደው የሚገባውን ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) ማሳለፍ ይጀምራል፤ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ያሳልፋል። የድሬ ከሰዓት ሙቀት ጉዳቱን ያወጣዋል እንጂ ራሱ አላመጣውም።

ዲኤል 92 በደንብ የሚሠራው ግሪዱ ከፊላመንቱ (ቫልቩ ውስጥ ከሚግለው ክር) በ7 ቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሲሆን ነው፤ ባያስ የሚባለው ይኸው ነው። የዲኤኤፍ 91 አኖድ 40 ቮልት፣ የግሪዱ ሬዚስተር 2.2 ሜጋኦም ነው እንበል። ካፓሲተሩ ወደ 20 ሜጋኦም ከወረደ ከ4 ቮልት በላይ ባያስ ይበላል፤ ከ7ቱ 3 እንኳ አይተርፍም። ያኔ ቫልቩ ከልክ በላይ ከረንት ይስባል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ድንጋዩ ያልቃል፤ ቆይቶ ቫልቩም ይሞታል። አዲስ ቫልቭ ቢተክሉበት እሱንም ይበላዋል።

ባያሱን ግሪዱ ላይ አይለኩ። የ10 ሜጋኦም ቴስተር ራሱ ስለሚጎትተው 7ቱን ቮልት 5.7 አድርጎ ያሳያል። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ራዲዮዎች የ90 ቮልቱ ኔጌቲቭ ወደ ሻሲ (የራዲዮው የብረት አካል) የሚሄደው በአንድ ሬዚስተር በኩል ነው፤ የሚለካው እዚያ ላይ ነው። ራዲዮው በድምሩ 12 ሚሊአምፔር ቢስብ 7 ቮልት የሚሰጠው 580 ኦም አካባቢ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቅርብ ልክ 560 ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ነው። ካፓሲተሩ ሲያሳልፍ ከረንቱ ስለሚጨምር ሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። 9 ወይም 10 ቮልት አይተው «ባያሱ ሞልቷል» ብለው እንዳይተዉት።

ራዲዮው ሞቆ መሻከር ሲጀምር ያጥፉት፤ የ90 ቮልቱን ገመድ ነቅለው የካፓሲተሩን የግሪድ በኩል እግር በካውያ ያላቁ። መልሰው ሲያበሩ ቮልቱ ወደ 7 ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ 0.01 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ይተኩበት። ካልወረደ የ90 ቮልቱን ትልቅ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ይፈትሹ። አንድ እግሩ ሻሲ ላይ ከታሰረ የሚያሳልፈው ከረንት በባያሱ ሬዚስተር ውስጥ ስለሚያልፍ ቮልቱን ከፍ ያደርጋል። እሱም ደህና ሆኖ ከተገኘ ብቻ ዲኤል 92ን ይጠርጥሩ።

የተነቀለውን ወረቀት ካፓሲተር በቴስተሩ የኦም መለኪያ አይፈትሹ። ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ደህና ያስመስለዋል። አንዱን እግር ከ90 ቮልቱ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በዲሲ ቮልት ላይ በተደረገ ቴስተር በኩል ከኔጌቲቩ ያገናኙ። ደህናው አንዴ ዘሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከ1 ቮልት በላይ ላይ ከቆመ ይጣሉት።

አደራ፣ የቴስተሩ ጫፍ 90 ቮልቱን ከፊላመንቱ መስመር ጋር ካነካካ አራቱም ቫልቮች በቅጽበት ይቃጠላሉ።

ጥያቄ፦ ዲኤል 92 አጥቼ ዲኤል 94 አገኘሁ። ሶኬቱ ላይ ልክ ይገባል። ይሠራል? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ መግባቱስ ይገባል፤ ግን እንዳለ ከሰኩት ያበላሹታል። የዲኤል 92 የድምፅ ግሪድ እግር 3 ላይ ነው፣ ስክሪኑ (ሁለተኛው ግሪድ) 4 ላይ፣ አኖዱ 2 እና 6 ላይ። የዲኤል 94 ግሪድ ግን እግር 6 ነው፤ ስክሪኑም 3 ላይ ነው። በብዙ ራዲዮ የሶኬቱ 6 ከአኖድ መስመር ጋር የታሰረ ስለሆነ ሙሉው ቮልት ግሪዱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የግሪዱን ሽቦ ከ3 ወደ 6፣ የስክሪኑን ከ4 ወደ 3 ያዛውሩ፤ አኖዱን 2 ላይ ብቻ ያስቀሩ። የፊላመንቱ 1፣ 5 እና 7 አይለወጡም። ዲኤል 94 በ90 ቮልት የሚፈልገው ባያስ 4.5 ቮልት ስለሆነ የባያሱን ሬዚስተር መቀነስ አለብዎ። ያለውን ሬዚስተር ትተው ያብሩና ቮልቱን ይለኩ፤ ቮልቱን ለኦሙ ሲያካፍሉ ድምር ከረንቱን ያገኛሉ። 4.5ን ለዚያ ከረንት ያካፍሉና ከሚያገኙት ጥቂት ከፍ ካለው ልክ ይጀምሩ። ሬዚስተሩ ሲቀንስ ከረንቱ ስለሚጨምር ከተኩ በኋላ ዳግም ይለኩ።