ኦክሲውን ከመበጥበጥሽ በፊት

እህቴ፣ «ዶሮዎቼ ያስነጥሳሉ፣ ሁለት ሞቱብኝ፣ ኦክሲ የሚባለውን አንቲባዮቲክ በውሃ ልስጣቸው?» ላልሽው፣ እባክሽ ዛሬ አትስጪ። እኔ በዚሁ ስህተት ከ400 እንቁላል ጣይ 260 ቀብሬያለሁ።

1. የሞተችውን በዚያው ቀን አስመርምሪ። እኔም በፌስታል ጠቅልዬ ሄጄ ነበር። የእንስሳት ጤና ቢሮው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምሳ ሰዓት ነው፣ ደግሞ ይሸታል» ብሎ መለሰኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። በንዴት መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሻጩ ስንት ዶሮ እንዳለኝ ሳይጠይቅ ኦክሲ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ስለው ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ጨመረልኝ። በማንኪያ እየገመትኩ ባልዲ ውስጥ በጠበጥኩ።

በሽታው ለካ ፈንግል ነው! አንገታቸው ሲጠመዘዝ፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ሲሆን መንቃት ነበረብኝ። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። መድኃኒቱ ያገኘው አንጀታቸው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ነው። ደካማው ሞተ፣ መድኃኒቱን የለመደው ተረፈና ተራባ። ከኩሱ ወደ ጉዝጓዙ፣ ከጉዝጓዙ ወደ ጫማዬ፣ በጫማዬ ወደ ቤቴ።

2. መድኃኒት ከሰጠሽ፣ ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ ይህን ያህል ቀን ጠብቁ ተብሎ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው እስኪያልፍ እንቁላሉንም ሥጋውንም አትሽጪ። እኔ ሸጫለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዛት። ሲፕሮ የሚባለውን የሰው አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ አልተሻላትም። ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያይ ምርመራ) ሲሠራላት ባክቴሪያው ሲፕሮን የለመደ ሆኖ ተገኘ። ከዶሮዎቹ ነው ያለን ሐኪም የለም፣ እኔም አልልም። ግን ኢንሮፍሎክሳሲን የሲፕሮ ወንድም ነው፤ እንስሳው ሰውነት ውስጥ ከፊሉ ራሱ ሲፕሮ ይሆናል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 2005 ለዶሮ እንዳይሰጥ የከለከሉት፣ ሰውን ተቅማጥ የሚያስይዘው ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ እየለመደው ስለሄደ ነው።

ወጡን አትፍሪ። በደንብ ከበሰለ የለመደውም ባክቴሪያ ይሞታል። ጣጣው ስትበልቺና ስታጥቢ ነው። እኛ ቤት ዶሮው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሲታሽ፣ ውሃው አጠገቡ የተከተፈው ሰላጣ ላይ ይፈናጠቅ ነበር። አሁን ሰላጣው ከዚያ ክፍል ይወጣል፣ ቢላውና መክተፊያውም ለየብቻ ነው።

ዛሬ 600 ዶሮ አለኝ። በቀናቸው ይከተባሉ፤ ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። የዶሮ ቤቱ ጫማ ከበሩ አያልፍም። ዘንድሮ አንድ ፓኬት ኦክሲ አልገዛሁም። አንቺም ዛሬውኑ ሐኪም አሳዪ። ምሳ ሰዓት ነው ካሉሽ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂያቸው።