የካንትሪ ሙዚቃ 100ኛ ዓመት የቱ ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ካንትሪ ሙዚቃ ታሪካዊ ቀኖች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካንትሪ 100 ዓመት ሞላው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ 100 ዓመት የሞላው ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የካንትሪ የሬዲዮ ዝግጅት ነው፤ የሚተላለፈው ከአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ ነው። ኖቬምበር 28 ቀን 1925፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንክል ጂሚ ቶምሰን የተባሉ የ77 ዓመት አዛውንት ቫዮሊናቸውን ይዘው ማይክሮፎን ፊት ተቀመጡ። በእኛ ኅዳር 19 ቀን 1918 መሆኑ ነው። ሙዚቃው ራሱ ግን ከዚያ ይቀድማል። ቫዮሊን ተጫዋቹ ኤክ ሮበርትሰን ኒውዮርክ ሄዶ ሸክላ ያስቀረጸው በ1922 ነው።

ጥያቄ፦ ብሪስቶል ለምን የካንትሪ የትውልድ ቦታ ትባላለች?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! ብሪስቶል ቴነሲና ቨርጂኒያ ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1927 የቪክተር ሸክላ ኩባንያው ራልፍ ፒር እዚያ ሄዶ የባርኔጣ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ መቅረጫውን ተከለ። ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 5 ድረስ 19 ዘፋኞችና ቡድኖች 76 ቀረጻ ሠሩ። የካርተር ቤተሰብ ኦገስት 1 ላይ ቀረጸ። የቤተሰቡ ጊታር ተጫዋች ሜይቤል ገና 18 ዓመቷ ነው፤ ለመውለድ ሁለት ወር እንኳ አልቀራትም። ጊታሯን ስትጫወት ልብ ብላችሁ ስሙ። በአውራ ጣቷ ዜማውን ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ታወጣለች፤ በሌላው ጣቷ ቀጭኖቹን እየነካች ምቱን ትይዛለች። አንድ ጊታር ሁለት ይሆናል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ዘፋኙ ጂሚ ሮጀርስ እዚያው ቀረጸ። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር፤ በ1933 አረፈ። የብሪስቶሉ ቀረጻ በእኛ ሐምሌ 1919 ስለሆነ፣ 100 ዓመቱ ሐምሌ 2019 ላይ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የካንትሪ ዘፋኙ ሃንክ ዊሊያምስ የሞተው በአዲስ ዓመት ቀን ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1953። ለዝግጅት ወደ ኦሃዮ ሲጓዝ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነው ያረፈው። ገና 29 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ አባቴ የኬኒ ሮጀርስ ካሴት ነበራቸው። የሱ ቀን መቼ ነው?

መልስ፦ የተወለደው ኦገስት 21 ቀን 1938 ሂዩስተን ውስጥ ነው። ያረፈው ማርች 20 ቀን 2020 ነው። ካሴቱ ካለ አደራ አትጣሉት።

ጥያቄ፦ ጥቁር አሜሪካውያን የካንትሪ ሙዚቀኞች በዚህ ታሪክ የት አሉ?

መልስ፦ መጀመሪያው ላይ ነው ያሉት። ዲፎርድ ቤይሊን ላስተዋውቃችሁ። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ነበር። ሀርሞኒካ ሲጫወት ባቡር መጣ ያስብላል፤ ፉጨቱ፣ የመንኮራኩሩ ኳኳታ፣ እየራቀ ሲሄድ እንኳ ይሰማል። በዲሴምበር 1927 አንድ ቅዳሜ፣ ከኦፔራና ከክላሲክ ዝግጅት ቀጥሎ አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ ቤይሊን ጋበዘ። እሱ ባቡሩን በሀርሞኒካ ነዳው። ሄይም «እስካሁን ግራንድ ኦፔራ ስንሰማ ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ነው» የሚል ነገር ተናገረ። የዝግጅቱ ስም የወጣው ያን ምሽት ነው። እንዲህም ሆኖ በ1941 አሰናበቱት፤ ናሽቪል ውስጥ ጫማ እየጠረገ ኖረ። በ1982 አረፈ፤ ካንትሪ የዝና አዳራሽ የገባው በ2005 ነው። በሕይወት ሳለ አለመሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል። የኦፕሪ ስም 100 ዓመት የሚሞላው ዲሴምበር 2027 ነው። ያን ምሽት እኔ ቤት የሚከፈተው የቤይሊ ባቡር ነው።