ባህር ዳር ያማረው ፔዳል ማርቆስ ሲገባ ንብ ሆነ

ሰላም የጊታር ወዳጆች። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኦቨርድራይቭና ዲስቶርሽን ፔዳል (የጊታሩ ኬብል የሚያልፍባት፣ ድምፁን የምትሰነጥቅ በእግር የምትረገጥ ሳጥን) ናቸው፣ ስለዚህ የቀረውን ለሚቀጥለው ትቼ ዛሬ እዚሁ ላይ ልቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ኖት? ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ሰርግ የሚሰራ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ባለፈው ባህር ዳር ሄጄ አንድ ጊታሪስት ጓደኛዬ ቤት ሁለት ፔዳል ሞከርኩ፣ አንዱ ኦቨርድራይቭ አንዱ ዲስቶርሽን፣ ዲስቶርሽኑ ልቤን ወሰደው። አውሶኝ ይዤው መጣሁና ሚክሰር ላይ ሰክቼ በሞንታርቦ ስሞክረው ግን ዝዝዝ የሚል የንብ ቀፎ ሆነብኝ። ተበላሽቶ ነው? ብሬ የሚበቃው ለአንድ ፔዳል ብቻ ነው፣ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ ፔዳሉ ደህና ነው፣ አትስጋ። የተለወጠው ስፒከሩ ነው። ጓደኛህ ቤት የሞከርከው በጊታር አምፕ (በጊታር ማጉያ) ይመስለኛል፣ የጊታር አምፕ ስፒከር ደሞ ሁሉንም ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ አይደለም፣ ከ5 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 5 ሺህ ንዝረት) ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን ይተወዋል። ሞንታርቦ ግን ለዘፋኝና ለኪቦርድ የተሰራ ነው፣ ከላይ ትዊተር የሚባል ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር አለው፣ እስከ 15 ሺህ ኸርዝና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ዲስቶርሽን ደሞ ስራው እዛ ላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ መፈልፈል ነው፣ አምፑ ያንን ሁሉ ይሸፍንልህ ነበር፣ ትዊተሩ ግን አንድም ሳያስቀር አወጣልህ። የሰማኸው ንብ እሱ ነው።

ለምን ይፈለፍላል ካልክ፣ የክሩ ድምፅ ወጣ ወረድ የሚል ሞገድ ነው እንደ ኮረብታ፣ ፔዳሉ መጀመሪያ በጣም ያሳድገውና ውስጡ ያሉት ዳዮዶች የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ አናሳልፍም ይሉታል። ኦቨርድራይቭ ጫፉን ያለሰልሰዋል፣ ጉብታ ይሆናል። ዲስቶርሽን ግን አናቱን ልክ እንደ አምባ ጠፍጣፋ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ጠርዙ ሹል በሆነ ቁጥር ደሞ ቀጭኑ ድምፅ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ዳዮዶቹ ድምፁን የሚያሳድገው ቺፕ ራሱን በሚያርምበት መስመር ውስጥ ስለሆኑ ነው ለስለስ የሚለው፣ በ1978 የወጡት ቦስ ዲኤስ-1 እና ፕሮኮ ራት ግን ድምፁ ካደገ በኋላ ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት መስመሩ) ስለሚቆርጡት ይነክሳሉ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ስራቸው ነው የሚለያየው።

አሁን ለያዝከው ፔዳል ዛሬውኑ የምታደርገው፣ ሚክሰሩ ላይ ሃይ የሚለውን ሙሉ በሙሉ አውርደው፣ የፔዳሉን ቶንም ከመሃል በታች አድርገው (ራት ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፣ ፊልተር የሚለው ቁልፍ የሚሰራው በተቃራኒው ነው፣ ወደ ቀኝ ስታዞረው ነው የሚጨልመው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ፔዳሉን ይጠላዋል)፣ ዲስቶርሽኑን ደሞ ካደረግክበት ግማሽ ላይ መልሰው። ንቡ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም ግን ይርቃል። ጨርሶ የሚጠፋው ወይ ትንሽ የጊታር አምፕ አግኝተህ ፊቱ ማይክ ስታቆምለት ነው፣ ወይ የጊታር ስፒከርን የሚያስመስል ካብ ሲሙሌተር የሚባለውን ከፔዳሉ በኋላ ስታስገባ ነው። ሌላም አንድ ነገር አለ፣ ፔዳሉ ጠፍቶ ጊታሩን ብቻውን ሚክሰር ላይ ስትሰካ ድምፁ ደንዝዞ የታፈነ ከመሰለህ ችግሩ የጊታርህ አይደለም፣ የተለመደው የሚክሰር መግቢያ ለጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ለሚለቅመው ማግኔት) ይከብደዋል፣ ዲአይ ቦክስ የሚባል አገናኝ ሳጥን ወይም ሃይ ዚ የሚል ለጊታር የሚመች መግቢያ ይፈልጋል።

የቱን ልግዛ ላልከው፣ በአንተ ቦታ ብሆን ኦቨርድራይቩን ነው የምገዛው፣ ያለ ምንም ማመንታት። አንደኛ የጊታር አምፕ የለህም፣ ለስላሳው ፔዳል ሞንታርቦ ላይ ብዙ አያሳፍርህም። ሁለተኛ ሰርግ ላይ ኪቦርዱም ቤዙም ድራሙም አንድ ላይ ሲጮሁ ሊድ ጊታር የሚሰማው በመሃለኛው ድምፅ ነው፣ ቲዩብ ስክሪመርና የሱ ዘር የሆኑት ፔዳሎች ደሞ ወፍራሙን ድምፅ ቀነስ አድርገው መሃሉን ከፍ ያደርጋሉ፣ ከ700 ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን። ብቻህን ክፍልህ ውስጥ ስትሰማው ቀጭን ነው ምን አለው ትላለህ፣ ባንዱ ሲገባ ግን ሙሽራው ጋ የሚደርሰው እሱ ነው። ዲስቶርሽኑ ተቃራኒ ነው፣ ብቻህን ስትጫወት ቤቱን ይሞላል፣ ባንዱ ሲገባ ኪቦርዱ ውስጥ ይሰምጣል። እኔ ይሄን የገባኝ ሶስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ላይ ጌይን (የመሰንጠቁን መጠን) እየጨመርኩ ለምን አልሰማም ስል ከኖርኩ በኋላ ነው፣ ለዛ ነው አጥብቄ የምነግርህ።

አሁን ደሞ ስለ መሞከር፣ ምክንያቱም ጓደኛህ ቤት የሆነው ነገር ሌላ ቦታም ያጋጥምሃል። ሁለት ፔዳል ስታወዳድር ከምንም በፊት ሌቭላቸውን እኩል አድርግ። ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ ነው የተሻለ የሚለው፣ በትንሹ እንኳ ከፍ ካለ ወፍራሙም ቀጭኑም ይጎላና ይሄኛው ነፍስ አለው ያሰኝሃል፣ ያማረህ ግን ፔዳሉ ሳይሆን ጩኸቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፔዳሉን በእግርህ አብራው አጥፋው፣ ሲበራም ሲጠፋም ድምፁ እኩል እስኪሆን ሌቭሉን አስተካክል፣ ሁለተኛውንም እንደዛው፣ ከዛ በኋላ ነው ማወዳደር። ጊታሩ የራስህ ይሁን፣ የሰው ጊታር ፒክአፕ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል) ሆኖ ያንተ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ከሆነ ሌላ ፔዳል ነው የሰማኸው። ቁልፎቹን ሁሉ መሃል ላይ አድርገህ ጀምርና አንዱን ክር መጀመሪያ በጣም ቀስ ብለህ ከዛ ጠንከር አድርገህ ምታው፣ ጥሩ ኦቨርድራይቭ ቀስ ስትል ይጠራል ስትመታው ይሰነጠቃል፣ እጅህን ይከተላል። የጊታርህን ቮልዩም ወደ ግማሽ አውርደውና ጠራ ወይስ ደነዘዘ ብለህ ስማ። ከዛ ሰርግ ላይ የምትጫወተውን ዘፈን ራሱን ተጫወት፣ ሱቅ ውስጥ የሮክ ሪፍ እየመቱ የገዙትን ፔዳል የጎጃም እስክስታ ላይ ሲያመጡት ሌላ ነገር የሚሆንባቸው ብዙ ናቸው። ስልክህን ከክፍሉ ማዶ አስቀምጠህ ቅዳው፣ ሻይ ጠጥተህ ተመልሰህ ስማው፣ ሲጫወቱ የሚሰማውና ከሩቅ የሚሰማው አንድ አይደለም። ከተቻለ ደሞ ጓደኛህን ኦቨርድራይቩንም አውሰኝ በለውና አንድ ልምምድ ከባንዱ ጋር ሞክረው፣ ካልወደድከው ገንዘብህ ኪስህ ነው። ለሁለተኛ ፔዳል ገንዘብ ስታገኝ ግን መጀመሪያ ትንሽ አምፕ ግዛ።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ነኝ። ፔዳሌ በባትሪ ነው የሚሰራው፣ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል፣ አዳፕተር ልግዛ ብል ደሞ ያቃጥለዋል አሉኝ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያልቃል ያልከው ባትሪ ማታ ማታ ኬብሉን ሳትነቅል ስለምታድር ይመስለኛል። አብዛኞቹ ፔዳሎች ላይ ማብሪያው እግርህ የሚረግጠው ቁልፍ አይደለም፣ የጊታሩ ኬብል የሚገባበት ጃክ ነው፣ ጃኩ እስከተሰካ ድረስ የፔዳሉ ትንሿ መብራት ጠፍታም ባትሪው ይሰራል። ጨርሰህ ስትነሳ ንቀለው። ዲጂታል ያልሆነ ኦቨርድራይቭ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊአምፒር ብዙም አይበላም፣ ጥሩ አልካላይን 9 ቮልት ባትሪ ደሞ 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ብዙ ልምምድ ያደርስሃል። ስለዚህ መብራት ለሚጠፋበት ቀን አንድ ባትሪ ቦርሳህ ውስጥ አይጥፋ።

አዳፕተሩን በተመለከተ አሉኝ ያልከው እውነት ነው ግን ፍራቻው ቦታውን ይወቅ። ብዙዎቹ ፔዳሎች የሚፈልጉት 9 ቮልት ዲሲ ሆኖ የመሃሉ ቀዳዳ ኔጋቲቭ የሆነውን ነው፣ አዳፕተሩ ላይ ክብ ምስል አለች፣ የመሃሏ ነጥብ ከኔጋቲቭ ምልክቱ ጋር መገናኘት አለባት፣ ፔዳሉ ላይ የተፃፈው ደሞ ከዛ ጋር መግጠም አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ለሰርግ ዋዜማ ልምምድ ስንዘጋጅ ባትሪ አጥቼ የኪቦርድ አዳፕተር ተውሼ ሰካሁ፣ ጫፉ ልክ ገባ፣ ግን 12 ቮልት ሆኖ መሃሉ ፖዘቲቭ ነበር፣ ፔዳሉ ዳግመኛ አልተነፈሰም፣ የምወደው ፔዳል ነበር። ጫፉ ስለገባ ይሰራል ማለት አይደለም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከልህ አዳፕተር ከሆነ ደሞ መግቢያው 110 ብቻ ይላል ወይስ እስከ 240 ብለህ አንብብ፣ እኛ ጋ ያለው 220 ነው።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነው የምንኖረው። ልጄ ኤሌክትሪክ ጊታር ጀምሯል፣ ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁለት፣ አሁን ግን አንድ ሳጥን አምጥቶ ድምፁ ሁሉ እየተሰነጠቀ ነው፣ ቤታችን ያለውን ስፒከር ይበላሽብናል ብዬ ፈራሁ። ልከልክለው?

መልስ፦ አባቴ እባክዎ አይከልክሉት። የሚሰሙት መሰንጠቅ ስፒከሩ ተቀዶ አይደለም፣ ሳጥኗ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሰራ ድምፅ ነው፣ በመጠነኛ ቮልዩም ከተጫወተ ስፒከሩ ምንም አይሆንም። ፍርሃትዎ ግን ጭራሽ ያለ ምክንያት አይደለም፣ እንዲህ የተቆረጠ ድምፅ ረፍት የሌለው ስለሆነ በአማካይ ከጠራው ድምፅ የበለጠ ጉልበት ይዞ ነው ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው፣ የቤት ቴፕ ወይም ትንሽ ስፒከር ላይ እስከ መጨረሻ ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ከተጫወተ ያሞቀዋል፣ ትንሿ ትዊተር መጀመሪያ ትሄዳለች። ቮልዩሙ ከግማሽ እንዳያልፍ ይንገሩት፣ ማታ ማታ ደሞ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ትንሽ አምፕ ቢያገኝ እርስዎም ይተኛሉ። ልጁ ይቀጥል፣ አባት ደስ ብሎት የገዛለት ጊታር ስንቱ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነኝ፣ ክራር ተምሬ ነው ወደ ጊታር የመጣሁት። ትዝታ በዲስቶርሽን ስጫወት ያምራል፣ አንቺሆዬ ላይ ስመጣ ግን ድምፁ ይታመሳል፣ እጄ ነው ወይስ ፔዳሉ?

መልስ፦ እህቴ ይሄ ጥያቄሽ በጣም ነው ያስደሰተኝ። እጅሽ አይደለም፣ ቅኝቱና ፔዳሉ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። ዲስቶርሽን ውስጥ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲገባ ሁለቱ ብቻ አይወጡም፣ የሁለቱ ልዩነትም እንደ ሶስተኛ ድምፅ ይወለዳል። 110 ኸርዝ ላና 165 ኸርዝ ሚ አብረሽ ብትመቺ ልዩነታቸው 55 ነው፣ እሱ ራሱ ላ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፣ ለዛ ነው ሮክ የሚጫወቱ ሰዎች በዲስቶርሽን ሁለት ኖታ ብቻ ይዘው ያን የሚያክል ድምፅ የሚያወጡት። አሁን ከላ ጎን ያለውን ሲ ፍላት ውሰጂ፣ 116.5 ነው፣ ልዩነቱ 6.5፣ ያ ኖታ አይሆንም፣ በሰከንድ ስድስት ሰባት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ጭቃ ነው። አንቺሆዬ ከዶ ብትጀምሪው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ርቀት ብቻ ያላቸው ኖታዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሜጀር ትዝታ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ ግማሽ ድምፅ የለበትም፣ ስለዚህ ፔዳሉ ይወደዋል።

ክራር ደሞ ልምድሽን እንዲህ አድርጎታል፣ ክሩን ከነካሽው በኋላ እየጮኸ ትተይዋለሽ ቀጣዩን ትነኪያለሽ፣ ድምፆቹ ተደራርበው ነው የሚያምሩት። በዲስቶርሽን ያ መደራረብ ነው የሚታመሰው። ስለዚህ አንቺሆዬ ላይ እንደ ማሲንቆ አስቢው፣ ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ አንድ ኖታ ሳይዘጋ ሁለተኛው አይመጣም። የጨረሽውን ኖታ በግራ እጅሽ ጣት አፍኚው፣ የማትነኪያቸውን ወፍራም ክሮች በቀኝ እጅሽ መዳፍ ጠርዝ ዝም አሰኚያቸው፣ ከዛ ከሬ ፍላት ወደ ዶ ስትወርጂ በፒክ ሳትመቺ ጣትሽን አንሸራትቺው። ፔዳሉ ኖታውን ስለሚያስረዝምልሽ አዝማሪ ደጋኑን ሲጎትት ያለውን ለቅሶ ታገኚዋለሽ፣ ለኔ አንቺሆዬ በዲስቶርሽን እንዲህ ሲሆን ከትዝታውም ይበልጣል። እንደ ክራር ደርቤ መጫወት እፈልጋለሁ የምትይበት ቦታ ላይ ፔዳሉን አታጥፊው፣ የጊታርሽን ቮልዩም ወደ አራት አምስት አውርጂው፣ ድምፁ ይጠራልሻል፣ ሊዱ ሲመጣ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ። ዲሌይ (ማሚቶ የሚሰጥ ፔዳል) ካለሽ ደሞ ከዲስቶርሽኑ በኋላ ይሁን፣ በፊት ካስገባሽው ማሚቶውም አብሮ ይቆረጥና ያው ጭቃ ይመለሳል።